የባቡር ፕሮጀክት ወጪ ከእጅ እንዳይወጣ፦ የውል፣ የብድርና የመስመር አማራጮች ንጽጽር

የባቡር ፕሮጀክት ባለቤት የሆነ መሥሪያ ቤት አማራጮችን ማወዳደር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ጨረታ ከተከፈተ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ለማወዳደር የቀረው የተጫራቾች ዋጋ ብቻ ነው። ሃዲዱ በየት እንደሚያልፍ፣ በመሬት ላይ ይሁን በድልድይ ወይም በዋሻ፣ ጣቢያው ስንት ሜትር እንደሚረዝም፣ ብድሩ ከተቋራጩ ጋር አብሮ ይምጣ ወይስ ለብቻው፣ ውሉ ምን ዓይነት ይሁን የሚሉት ጥያቄዎች ከተወሰኑ በኋላ ጎበዝ ተደራዳሪም የሚያስቀንሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እዚህ የምናነጻጽረው ከፊርማ በፊት ያሉትን ምርጫዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋዎቹን በአንድ መስፈሪያ መለካት

"ጎረቤት አገር በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ከፈለ" የሚለው ክርክር ከሁሉ በፊት መጣራት አለበት። የኬንያ የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር ወደ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ዋናው መስመር 472 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በኪሎ ሜትር 7.6 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። የጣቢያና የመተላለፊያ ሃዲዶች ሲደመሩ ግን ርዝመቱ 609 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሒሳቡም ወደ 5.9 ሚሊዮን ይወርዳል። የታንዛኒያ የዳሬሰላም–ሞሮጎሮ ውል 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በ205 ኪሎ ሜትር ዋና መስመር ሲካፈል 5.9 ሚሊዮን፣ በ300 ኪሎ ሜትር ጠቅላላ ሃዲድ ሲካፈል 4 ሚሊዮን። አንዱን በጠቅላላ ሃዲድ፣ ሌላውን በዋና መስመር ያካፈለ ሰው ሁለቱም 5.9 ሆነውለት "እኩል ናቸው" ይላል። በተመሳሳይ መስፈሪያ ሲለኩ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ የኬንያው በናፍጣ የሚሠራ ሆኖ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ በዋጋው ውስጥ ገብቷል፤ የታንዛኒያው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኖ ባቡሮቹ በሌላ ውል ተገዝተዋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማነጻጸሪያ ፕሮጀክት የሚከተሉት ሳይሞሉ በኪሎ ሜትር ዋጋ አይወራም፦ የዋና መስመርና የጠቅላላ ሃዲድ ርዝመት፣ በድልድይና በዋሻ የሚያልፈው ክፍል፣ ነጠላ ወይም ድርብ ሃዲድ፣ የኤሌክትሪክና የሲግናል ሥራ፣ ባቡሮቹ፣ የካሳ ክፍያ፣ ግብርና ቀረጥ፣ በግንባታ ጊዜ የሚጠራቀም ወለድ፣ ዋጋው የየትኛው ዓመት እንደሆነ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በየአገሩ በተለያየ መንገድ ስለሚያዙ ከሁሉም በላይ ያሳስታሉ።

የውል ዓይነት፦ ስጋቱ ማን ጋር ይቀመጥ?

የዓለም አቀፉ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) የውል ሁኔታዎች በሽፋናቸው ቀለም ይጠራሉ። አማራጮቹን ለመለየት ከእነሱ መጀመር ይቀላል።

በቀዩ መጽሐፍ ዲዛይኑ የባለቤቱ ነው፤ ተቋራጩ በተለካ ሥራ፣ በሞላው ነጠላ ዋጋ ይከፈለዋል። የመጠን ስጋት የባለቤቱ ነው። የድንጋይ ቁፋሮ በዝርዝሩ 200,000 ሜትር ኩብ ተብሎ 320,000 ቢወጣ ባለቤቱ ይከፍላል። ይህ ከመነሻው መጥፎ ነገር አይደለም፤ ያልታወቀ መሬት ላይ ተጫራች በፍርሃት የሚከምረውን ዋጋ ያስቀራል። የሚያስከፋው ዝርዝሩ በጥድፊያ ሲዘጋጅ ነው። ልምድ ያለው ተጫራች መጠኑ አንሶ የተጻፈበትን ሥራ ፈልጎ እዚያ ላይ ነጠላ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፣ በተጋነነው ላይ ዝቅ ያደርጋል። በጠቅላላ ድምር ዝቅተኛ ሆኖ ያሸንፋል፤ ትርፉን የሚያነሣው ልኬት ሲመጣ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ በግምገማ ጊዜ የቁፋሮ፣ የሙሌት፣ የጥልቅ መሠረት ምሰሶ (ፓይል) እና የኮንክሪት መጠኖችን በ20 እና በ30 በመቶ ከፍና ዝቅ እያደረጉ የተጫራቾች ደረጃ ይገለበጥ እንደሆነ ማየት። ከተገለበጠ ያ ሥራ በድጋሚ ይለካ። የ1999 እትም አንቀጽ 12.3ም መታወቅ አለበት፤ መጠኑ ከ10 በመቶ በላይ ሲለወጥ፣ ልዩነቱ በነጠላ ዋጋ ተባዝቶ ከውሉ ዋጋ 0.01 በመቶ ሲያልፍ፣ የነጠላ ወጪውንም ከ1 በመቶ በላይ ሲለውጥ፣ ነጠላ ዋጋው አይነካም ተብሎ በውሉ ካልተጻፈ በቀር ለዚያ ሥራ አዲስ ዋጋ ሊወጣ ይችላል።

በቢጫው መጽሐፍ ዲዛይኑም ግንባታውም የተቋራጩ ሲሆን ባለቤቱ የሚሰጠው የፍላጎት ሰነድ ነው። ለባቡር ማደሪያና ጥገና ግቢ (ዴፖ)፣ ለሲግናል፣ ለኃይል ማከፋፈያና ለመገናኛ ሥርዓት ይህ የተሻለ ነው፤ አምራቹ የራሱን ዕቃ ከባለቤቱ አማካሪ ይበልጥ ያውቀዋልና። ችግሩ የፍላጎት ሰነዱ ሲላላ ነው። "ዘመናዊ ጣቢያ" የሚል ሐረግ ዋጋ የለውም። የመድረክ ርዝመት፣ የሊፍት ብዛት፣ በሰዓት የሚስተናገድ ተሳፋሪ፣ የመለዋወጫ ዓይነትና የስንት ዓመት ክምችት እንደሚቀርብ በቁጥር ካልተጻፈ እያንዳንዱ ማብራሪያ በኋላ የለውጥ ሥራ ሆኖ ይመጣል።

ብርማው መጽሐፍ ብዙ ሰው ኢፒሲ (ዲዛይን፣ ግዢና ግንባታ በአንድ ውል) ወይም "ተርንኪ" ብሎ የሚያውቀው ነው። ዋጋው አንድ፣ ኃላፊው አንድ፣ የመሬቱ ስጋት ሳይቀር የተቋራጩ። ለሚኒስትርና ለገንዘብ ሰጪ ማራኪ ነው፤ ፊዲክ ራሱ ግን በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ገደብ አስቀምጦለታል። ተጫራቾች መረጃውን ለመመርመር በቂ ጊዜ ወይም መረጃ በሌላቸው ጊዜ፣ ወይም ሥራው ሊመረመር በማይችል ቦታ ብዙ የከርሰ ምድር ግንባታ ሲኖረው አይስማማም ይላል። ዋሻ ላለበት መስመር ፊዲክ በ2019 ያወጣው የኤመራልድ መጽሐፍ ይሻላል፤ የሚጠበቀው የመሬት ሁኔታ በመነሻ ሪፖርት ተጽፎ፣ ከዚያ የከፋው በባለቤቱ፣ እስከዚያ ያለው በተቋራጩ ይሸፈናል።

ኢፒሲ በኢትዮጵያ ያሳየው ደካማ ጎን ግን ከመሬት ስጋት ይልቅ በውሉ ዳርቻ ላይ ያለው ነው። አንድ ዋጋ የሚሸፍነው በውሉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በጥቅምት 2016 ተመርቆ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በጥር 2018 ነው፤ ካዘገዩት ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ነበር። በቱርኩ ያፒ መርኬዚ የተሠራው የአዋሽ–ኮምቦልቻ ክፍል ደግሞ ግንባታው በአብዛኛው ካለቀ በኋላ ኃይል ባለመድረሱ ለዓመታት ሥራ ሳይጀምር ቆይቷል። ሃዲዱ በአንድ ውል፣ ወደ ሃዲዱ የሚመጣው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር በሌላ መሥሪያ ቤት በጀት ሲያዝ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ሁለቱንም ያስቆማል፤ ወለዱ ግን አይቆምም። ስለዚህ ኢፒሲ የሚመርጥ ባለቤት ከፊርማ በፊት የዳርቻ ሰንጠረዥ ይሥራ፦ የኃይል መስመር፣ የውሃ፣ የመገናኛ ፋይበር፣ ወደ ደረቅ ወደብ የሚገባ ሃዲድ፣ የመዳረሻ መንገድ፣ የጉምሩክ ግቢ፤ በእያንዳንዱ ፊት የሚሠራው አካል፣ በጀቱና የመጨረሻ ቀኑ። በጀት የሌለው መስመር በሰንጠረዡ ላይ ከተገኘ የባቡሩ ውል መፈረም የለበትም።

መለዋወጫም ከዚሁ ዳርቻ ይመደባል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በመስከረም 2015 ሲከፈት 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከግማሽ በላዩ በመለዋወጫና በጥገና እጦት ቆሟል። የመንኰራኵር ማሽከርከሪያ፣ የፍሬን ክፍል፣ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ከአንድ አምራች ብቻ የሚገኙ ናቸው። ጨረታው ላይ ፉክክር እያለ የአሥር ዓመት የመለዋወጫ ዋጋ ዝርዝር አስሞልቶ በግምገማ ማስገባት ካልተቻለ፣ በኋላ ዋጋውን የሚወስነው አምራቹ ብቻ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲጠብም መጀመሪያ የሚቆመው ይህ ግዢ ነው።

"የተወሰነ ዋጋ" የሚለው ቃል ስንት ሊያሳስት እንደሚችል ኤድንብራ ታሳያለች። የትራም ውሉ በግንቦት 2008 ሲፈረም ዲዛይኑ አላለቀም ነበር፤ ከመንገድ ሥር ያሉት የውሃ፣ የጋዝና የስልክ መስመሮችም ተዛውረው አላበቁም። ዋጋው "የተወሰነ" ተብሎ ሳለ ከውሉ ጋር የዋጋ መነሻ ግምቶች ዝርዝር ተያይዟል። ግምቱ በተፋለሰ ቁጥር ለውጥ ተብሎ ተጨማሪ ክፍያ ተጠየቀ። ለ18.5 ኪሎ ሜትር የተያዘው 545 ሚሊዮን ፓውንድ ለ14 ኪሎ ሜትር 776 ሚሊዮን ሆነ፤ መስመሩም በ2014 ተከፈተ። የተወሰነ ዋጋ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚነበበው የዋጋው ገጽ አይደለም፤ "ይህ ዋጋ የተመሠረተው በሚከተሉት ላይ ነው" የሚለው ገጽ ነው። እዚያ ያለውን እያንዳንዱን መስመር ባለቤቱ ማረጋገጥ ካልቻለ፣ የፈረመው የልኬት ውል ነው።

አራተኛው አማራጭ የዒላማ ዋጋ ነው። ተቋራጩ ያወጣው ወጪ ይከፈለዋል፣ ከዒላማው ያነሰው ወይም የበለጠው በስምምነት ይከፋፈላል። ስጋቱ በእውነት የማይታወቅ ሲሆን ጠቃሚ ነው፤ ግን ዒላማው ከበሰለ ዲዛይን መነሣት አለበት፣ ባለቤቱም ደረሰኝ የሚመረምር የራሱ የሒሳብና የምህንድስና ቡድን ያስፈልገዋል። የእንግሊዙ የፈጣን ባቡር ፕሮጀክት ኤችኤስ2 የዋና ሲቪል ሥራዎቹን በዚህ መንገድ ሰጥቶ አብዛኛው የጭማሪ ስጋት በመንግሥት ላይ ቀርቷል፤ በ2025 የወጡት ግምገማዎችም ዲዛይኑ ሳይበስል ግንባታ መጀመሩን ከዋና ምክንያቶች ቆጥረውታል። የተቋራጩ ድርሻ በትንሽ ገንዘብ ከተወሰነ፣ ያ ገንዘብ ካለቀ በኋላ ቁጠባ የሚያስጨንቀው ሰው የለም።

የመንግሥትና የግል አጋርነት ብዙ ጊዜ "ግሉ ይሸከመዋል" ተብሎ ይቀርባል። በሜሪላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፈው ፐርፕል ላይን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ መስመር በ2016 ለ36 ዓመት፣ በ5.6 ቢሊዮን ዶላር ተፈርሞ በ2022 ሊከፈት ነበር። በክስ፣ በመሬት ርክክብና በመሠረተ ልማት መስመሮች መዛወር ምክንያት ሥራው ዘግይቶ የተጨማሪ ክፍያ ክርክር ተነሣ። በመስከረም 2020 ገንቢው ተቋራጭ ጥሎ ወጣ። ግዛቱ 250 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክርክሩን ዘጋ፣ አዲስ ተቋራጭ ፈለገ፤ ጠቅላላ ወጪውም ከ9 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በቴል አቪቭም ቀዩን መስመር ሊሠራ የነበረው የግል ጥምረት ገንዘቡን ማሰባሰብ አቅቶት ውሉ በ2010 ተሰርዟል፤ የመንግሥቱ ኩባንያ ተረክቦት በነሐሴ 2023 ተከፈተ። መሬትና ፈቃድ የመንግሥት ሥልጣን ስለሆኑ ስጋታቸው በወረቀት ቢተላለፍም ተመልሶ ይመጣል። ለግል አጋር ሊሰጥ የሚገባው እሱ የሚቆጣጠረው ነው፦ የባቡር ጥገና፣ የሥርዓቶች ብቃት፣ የአገልግሎት ጥራት።

ምርጫችን ይህ ነው። ዲዛይኑ ያለቀና የመሬት ምርመራው የተሟላ ከሆነ ለሲቪል ሥራው ቀዩ፣ ለሥርዓቶቹ ቢጫው፤ ዋሻ ካለ ኤመራልድ። ኢፒሲ ለደረቅና ሜዳማ መሬት፣ ዳርቻው በሙሉ ለተዘጋ መስመር ብቻ። የዒላማ ዋጋ ጠንካራ ቡድን ላለው ባለቤት። ምንም ካልተዘጋጀ ደግሞ የትኛውም ውል አያድንም፤ የሚሻለው መጀመሪያ ለዲዛይን፣ ለአፈር ምርመራና ለወሰን ማስከበር ብቻ ውል መግባት ነው። ሥራውን በውሎች መክፈልም ወጪ አለው። የለንደኑ የባቡር ፕሮጀክት ክሮስሬል 36 ዋና ውሎች ነበሩት፤ እርስ በርስ ማገናኘቱ የባለቤቱ ሥራ ሆኖ የሥርዓቶች ፍተሻ ላይ ተጣብቆ፣ በታኅሣሥ 2018 ሊከፈት የታሰበው በግንቦት 2022 ተከፈተ። ውል ከመክፈል በፊት "መገናኛው ላይ ማን ይቆማል?" ለሚለው የሰው ስም ያስፈልጋል።

ብድሩ ከተቋራጩ ጋር ሲመጣ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 85 በመቶው፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ወደ 70 በመቶው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሸፈነ ነው፤ ተቋራጮቹም የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። የዚህ መንገድ ጥቅም ፍጥነት ነው፤ ገንዘቡና ገንቢው በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። የሚጎድለው በገበያ የተፈተነ ዋጋ ነው። ብዙ ተጫራች ከሌለ ባለቤቱ ራሱ ፈታኝ መሆን አለበት፦ ተቋራጩ ዋጋ ከማቅረቡ በፊት በገለልተኛ መሐንዲስ የተሠራ፣ በታሸገ ፖስታ የተቀመጠ የዋጋ ግምት ይኑር፤ የሃዲድ፣ ሃዲዱን የሚሸከሙት አግዳሚዎች (ስሊፐር)፣ ከሥራቸው የሚነጠፈው ጠጠር (ባላስት) እና የሲሚንቶ ዋጋ በየብቻው ይጠየቅ፤ ባቡሮቹ ከሲቪል ሥራው ተለይተው ይታዩ።

ታንዛኒያ ሌላ መንገድ ሞክራለች። የዳሬሰላም–ሞሮጎሮን ሥራ ለጨረታ አወጣች፣ በራሷ በጀት ጀመረች፣ በ2020 በስታንዳርድ ቻርተርድ አስተባባሪነት 1.46 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ይህ የዋጋ ፉክክርን ያመጣል፤ የሚያስከፍለው ደግሞ መንግሥት በየወሩ የተረጋገጠ ክፍያ ማድረስ ነው። ይህ ካልተቻለ የሌጎስ ሰማያዊ መስመር ዓይነት ነገር ይመጣል፦ በ2011 ይጠናቀቃል የተባለው 13 ኪሎ ሜትር በመስከረም 2023 ተከፈተ። ክፍያ ሲዘገይ ተቋራጩ ማሽን ያስወጣል፣ ወለድ ይጠይቃል፣ የዋጋ ማስተካከያ ቀመሩም መሥራቱን ይቀጥላል።

በሁለቱም መንገድ የመክፈያ ዘመኑና ምንዛሪው ከወለድ ምጣኔው ይበልጥ ያሳስባሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2018 የጅቡቲውን መስመር ብድር መክፈያ ከ10 ወደ 30 ዓመት ያስረዘመው የባቡር ገቢ በአሥር ዓመት ዕዳ ስለማይከፍል ነው። ዶላር ውሎቹ ሲፈረሙ 20 ብር ያህል እንኳ አልሞላም ነበር፤ በሐምሌ 2024 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ በአጭር ጊዜ 100 ብር አለፈ። ገቢው በብር፣ ዕዳው በዶላር የሆነ መስመር ሲገመገም ምንዛሪው በእጥፍና በአራት እጥፍ ሲወጣ ምን እንደሚሆን በሠንጠረዥ ሳይታይ ብድሩ መፈረም የለበትም። ከውጭ የሚገባው ምን ያህል፣ በአገር ውስጥ ሊገዛ የሚችለው ምን ያህል እንደሆነም እዚያው ይለይ፤ ባላስት፣ ሙሌት፣ ሲሚንቶና ጉልበት በዶላር የሚከፈሉበት ምክንያት የለም።

በመሬት፣ በድልድይ፣ በዋሻ

ለመነሻ ግምት ያህል፣ በመሬት ላይ የሚያልፈውን መስመር አንድ ብንል በተሸካሚ ድልድይ የሚያልፈው ሁለት ወይም ሦስት፣ በከርሰ ምድር የሚያልፈው ከአራት እስከ ስድስት እጥፍ ይመጣል። ስለዚህ ከየትኛውም ድርድር በላይ ገንዘብ የሚያድነው መስመሩን ከምድር በላይ ማቆየት ነው። በዋሽንግተን ሲልቨር ላይን ሲዘረጋ ለደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሬት በታች ጣቢያ ተወስኖ ነበር፤ በ2011 ውሳኔው ተቀልብሶ ጣቢያው ከመሬት በላይ በመሆኑ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ድኗል። ዋጋው ተሳፋሪው ወደ ተርሚናሉ ጥቂት ደቂቃ መራመዱ ነው።

በመሬት ላይ መሥራት ወጪን ወደ ሌላ ሰው ኪስ የሚያሸጋግርበት ጊዜም አለ። በአዲስ አበባ ሃዲዱ በአጥር ታጥሮ መንገዱን ለሁለት በከፈለባቸው ቦታዎች እግረኛው ረጅም ዙር ይሄዳል፣ ተሽከርካሪው ለመዞር ይሰለፋል። ይህ በፕሮጀክቱ ሒሳብ ላይ አይታይም። የእግረኛ መሻገሪያው በአማካይ በየ300 ወይም 400 ሜትር በመጀመሪያው ዲዛይን ከገባ ርካሽ ነው፤ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሲጨመር በሌሊት ፈረቃና ኃይል ተቋርጦ ስለሚሠራ ዋጋው ይንራል።

ከመሬት በታች መግባት ግድ ሲሆን ሁለቱ ዋና መንገዶች ቆርጦ መሸፈን (ከላይ ቆፍሮ፣ ሠርቶ መልሶ መክደን) እና የዋሻ መቆፈሪያ ማሽን ናቸው። እስከ 15 ወይም 20 ሜትር ጥልቀት፣ ከላይ ሰፊ መንገድ ካለ፣ ቆርጦ መሸፈን ይረክሳል፤ ጉዳቱ መንገዱ መዘጋቱና ከሥር ያሉት መስመሮች ሁሉ መዛወር ማስፈለጋቸው ነው። ማሽኑ ለማዘዝና ለማስገባት አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ የመግቢያ ጉድጓድ፣ የኮንክሪት ቀለበት ፋብሪካና አስተማማኝ ኃይል ይፈልጋል። ከሁለት ኪሎ ሜትር በታች ለሆነ ዋሻ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። በየትኛውም መንገድ የአፈር ምርመራ ላይ መቆጠብ ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው፤ ጉድጓዶቹ በየ50 እስከ 100 ሜትር፣ በጣቢያ ቦታዎች ደግሞ ከዚያ ቀርበው ይቆፈሩ፤ የከርሰ ምድር ውሃው መጠንም በክረምትና በበጋ ይለካ።

ከዋሻው ይልቅ ገንዘቡን የሚበላው ግን ጣቢያው ነው። የኒው ዮርኩ ሰከንድ አቬኑ መስመር የመጀመሪያ ክፍል 2.9 ኪሎ ሜትር ያህልና ሦስት አዳዲስ ጣቢያዎች ይዞ 4.45 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ጣቢያዎቹ ጥልቅ ናቸው፤ ከመድረኩ ርዝመት እጅግ አልፈው ለመሣሪያና ለሠራተኛ ክፍሎች ተቆፍረዋል። ሒሳቡን በምሳሌ እንየው፤ ባቡሩ 120 ሜትር ቢረዝም፣ ጣቢያው የሚሠራበት የ240 ሜትር የከርሰ ምድር ሳጥን በ20 ሜትር ስፋትና በ20 ሜትር ጥልቀት 96,000 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ነው። የ140 ሜትር ሳጥን ግን 56,000 ነው። በ12 ጣቢያዎች 480,000 ሜትር ኩብ ይድናል፤ የግድግዳው፣ የወለሉና የአየር ማናፈሻው ቁጠባ ገና አልተቆጠረም። ማድሪድ በ1995 እና 1999 መካከል 56 ኪሎ ሜትር ሜትሮ በርካሽ የሠራችው ጥልቀት የሌላቸው፣ አንድ ዓይነት ዲዛይን ያላቸው ጣቢያዎች መርጣ፣ ውሳኔው በማኑዌል ሜሊስ በሚመራ ትንሽ የመሐንዲሶች ቡድን እጅ ስለነበረ ነው።

ካለፈ በኋላም ማስተካከል ይቻላል፤ ቦስተን አድርጋዋለች። የከተማ ባቡሯ የግሪን ላይን ማራዘሚያ ግምት በ2015 ከ2 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ሲጠጋ ውሉ ተቋረጠ። ትልልቆቹ የተዘጉ ጣቢያዎች ክፍት መድረክ ሆኑ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ ተሰረዙ፣ የጥገና ዴፖው ጠበበ፤ በጀቱ 2.3 ቢሊዮን ሆኖ በ2022 ተከፈተ። የዲዛይንና ግንባታ ውሉ ሲሳካ የቁጥጥር ሥራው ግን አልተሟላም፤ በ2023 በብዙ ቦታ የሃዲዱ ስፋት ከሚፈቀደው ጠቦ ተገኝቶ ተቋራጩ እንደገና ማስተካከል ነበረበት። ሃዲድ ሲነጠፍ ስፋቱን በባለቤቱ በኩል የሚለካ ሰው በየፈረቃው ያስፈልጋል፤ ከተቋራጩ የሚመጣው ሪፖርት ብቻውን አይበቃም።

መጠባበቂያው ስንት፣ በማን እጅ?

ብዙ በጀቶች 10 በመቶ መጠባበቂያ ይይዛሉ፤ ለባቡር አይበቃም። የትልልቅ ፕሮጀክቶችን ወጪ የሚያጠናው ቤንት ፍሉቭቢየርግና ባልደረቦቹ በ58 የባቡር ፕሮጀክቶች ላይ ያገኙት አማካይ ጭማሪ 44.7 በመቶ ነው። በ2004 ለእንግሊዝ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በተዘጋጀው መመሪያ፣ በግማሽ ዕድል በጀት እንዳይታለፍ የባቡር ግምት ላይ 40 በመቶ፣ በ80 በመቶ ዕድል እንዳይታለፍ 57 በመቶ ይጨመራል። በዚህ ሒሳብ የአንድ ቢሊዮን ግምት ሲጸድቅ 1.4 ወይም 1.57 ቢሊዮን ይሆናል። ይህን ሙሉውን ለፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ መስጠት ስሕተት ነው፤ በእጅ ያለ ገንዘብ መውጣቱ አይቀርም። እስከ 1.4 ያለውን ጽሕፈት ቤቱ ይያዝ፣ ከዚያ በላይ ያለው በገንዘብ ሚኒስቴር ደረጃ ይቀመጥና በጽሑፍ ጥያቄ ብቻ ይለቀቅ። ተቋራጩ የሁለቱንም መጠን ማወቅ የለበትም።

ከፊርማ በኋላ

ወሰን ማስከበር ከሁሉም ይቀድማል። ካሊፎርኒያ የፈጣን ባቡሯን ግንባታ የሚያስፈልገውን መሬት ሳትይዝ ጀምራ ለቆሙ ተቋራጮች ካሳ ከፍላለች። ቁራጭ ቁራጭ መሬት ማስረከብም እንደ ርክክብ አይቆጠርም፤ 10 ኪሎ ሜትር ከተረከበ በኋላ መሀል ላይ አንድ ያልተነሣ ቤት ቢኖር የሙሌት ሥራው ለሁለት ይከፈላል፣ ማሽኑም ይቆማል። በውሉ ውስጥ የርክክብ ቀን በኪሎ ሜትር ክልል ይጻፍ፤ ባለቤቱ ሊያሟላው የማይችለውን ቀን አይፈርም።

ለውጥ ሲመጣ መጀመሪያ ዋጋ፣ ቀጥሎ ትእዛዝ። በስልክ የተሰጠ መመሪያ በኋላ የሚመለሰው በካሳ ጥያቄ ነው። በፊዲክ ተቋራጩ ምክንያቱን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ዝርዝር ጥያቄው በ1999 እትም በ42፣ በ2017 እትም በ84 ቀን ይቀርባል። ባለቤቱም የራሱ መዝገብ ከሌለው ቀነ ገደቡ አይጠቅመውም። የየዕለቱ የሠራተኛ፣ የማሽንና የዝናብ መዝገብ፣ ቀንና ቦታ ያለው ፎቶ፣ ሁለቱም ወገኖች የፈረሙት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በግልግል ጉባኤ ፊት የሚያስረዱት እነሱ ናቸው።

የወር ሪፖርቱ "እስካሁን የወጣ" ከሚለው ይልቅ አራት ዓምዶች ይኑሩት፦ የጸደቀ በጀት፣ የተፈረሙ ውሎች፣ በክርክር ላይ ያሉ ለውጦችና የካሳ ጥያቄዎች፣ እስከ መጨረሻው የሚያስፈልገው ግምት። ከሥሩ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ የተጠናቀቀው ሥራ በመቶኛና ያለቀው መጠባበቂያ በመቶኛ። ሥራው 30 በመቶ ደርሶ መጠባበቂያው 50 ካለፈ፣ በሚቀጥለው ወር ማንኛውም አዲስ ለውጥ ከፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ በላይ ባለ ባለሥልጣን ፊርማ ብቻ ይጸድቅ፤ የቀሩት ጣቢያዎችና መሻገሪያዎች ዲዛይንም ወጪ ለመቀነስ በድጋሚ ይታይ።